የኦንላይን ሱቅ ሲዛወር፦ ደንበኛና መዝገብ እንዳይጠፉ አስቀድሞ የሚሠራ ሥራ

ማር፣ ቅቤ፣ በርበሬ፣ ጤፍና የሸማ ልብስ ዛሬ የገበያ ቀን ሳይጠብቁ ይሸጣሉ። በርካታ የከተማ ነጋዴዎችና የአምራቾች ማኅበራት ምርታቸውን በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ያስተዋውቃሉ፤ ትእዛዝ በመልእክት ይቀበላሉ፤ ሒሳቡ በሞባይል ይገባላቸዋል፤ ዕቃውን በሞተር ብስክሌት ወይም በአውቶቡስ ይልካሉ። ሥራው ሲሰፋ ግን በመልእክት ሳጥን የተጀመረው ሱቅ ይጠባል። አንዱ ትእዛዝ ከሌላው ይደባለቃል፤ ያለቀ ዕቃ እንዳለ ተደርጎ ይሸጣል፤ ክፍያው መግባቱን ለማረጋገጥ ሰዓታት ይፈጃሉ።

በዚህ ጊዜ የሱቁ ባለቤት ወደ ሌላ መድረክ ለመዛወር ያስባል። መድረክ የሚባለው ሱቁ የቆመበት ሥርዓት ነው፤ ዕቃው የሚታይበት፣ ትእዛዙ የሚመዘገብበት፣ ክፍያው የሚያልፍበት። ዝውውሩ ከሩቅ ሲታይ ፎቶና ዋጋ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ መገልበጥ ይመስላል። በተግባር ግን አብዛኛው ሥራ ከዝውውሩ ቀን በፊት የሚያልቅ ሲሆን፣ ኪሳራውም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ያ የቅድሚያ ሥራ በመዘለሉ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት፣ በአንድ ከተማ የምትኖርና ከአካባቢው አርሶ አደሮች ማርና ቅቤ እየሰበሰበች፣ በርበሬና ሽሮም እያዘጋጀች በኦንላይን የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ ትታሰብ። 60 ዓይነት ዕቃና 900 ያህል ደንበኞች አሏት እንበል። ከደንበኞቿ አንዳንዶቹ በውጭ አገር እየኖሩ አገር ቤት ላሉ ወላጆቻቸው የሚያዝዙ ናቸው። ይህች ነጋዴ ሱቋን ለማዛወር ብትነሣ ምን ምን ማድረግ ይኖርባታል?

ለመዛወር የሚያበቃ ምክንያት

የመጀመሪያው ሥራ ምክንያቱን በወረቀት ላይ ማስፈር ነው። ጎረቤት ነጋዴ ስለተዛወረ ወይም አዲሱ መድረክ ስላማረ ብቻ መዛወር ወጪው እንጂ ጥቅሙ አይታይም። በቂ ሊባሉ ከሚችሉት ምክንያቶች አንዱ የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የተከፈተ ሱቅ የቆመው በሰው መሬት ነው። ገጹ ቢጠለፍ ወይም ድርጅቱ ገጹን ቢዘጋው፣ ለዓመታት የተሰበሰበው ተከታይ በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት የመዝገብ ጉዳይ ነው። ትእዛዝ በመልእክት ብቻ ሲመጣ፣ በወሩ ውስጥ ስንት ኪሎ ማር እንደተሸጠ ለማወቅ መልእክቶችን አንድ በአንድ ማንበብ ያስፈልጋል። ሦስተኛው የክፍያ ጉዳይ ነው። የክፍያ ማረጋገጫ ነው ተብሎ የሚላክ የስልክ ስክሪን ፎቶ በቀላሉ ሊቀነባበር ስለሚችል፣ ሒሳብ መግባቱን ራሱ የሚያረጋግጥ ሥርዓት ያስፈልጋል።

የነጋዴዋ ችግር የፎቶ ጥራት ወይም ለመልእክት ዘግይቶ መመለስ ብቻ ከሆነ ግን፣ መድረክ በመቀየር የሚፈታ አይደለም። በአሮጌው ቤት ያልተስተካከለ አሠራር ወደ አዲሱም ተከትሎ ይገባል።

ከሌሎች የተገኘ ትምህርት

በዝውውር ምክንያት ገበያ መቀነስ ትንንሽ ሱቆችን ብቻ የሚገጥም አይደለም። ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር የተባለው የብሪታንያ ታላቅ የችርቻሮ ድርጅት ለዓመታት በአማዞን ሥርዓት ላይ ያቆመውን የኦንላይን ሱቁን በየካቲት 2006 ዓ.ም ወደ ራሱ መድረክ አዛወረ። ለሥራው 150 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል አውጥቷል። ይሁን እንጂ ነባር ደንበኞች በአዲሱ ገጽ እንደገና መመዝገብ ነበረባቸው፤ የለመዱትንም ዕቃ በለመዱት ቦታ አላገኙትም። እስከ ሰኔ 2006 ዓ.ም መጨረሻ በነበሩት 13 ሳምንታት የኦንላይን ሽያጩ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት በ8.1 በመቶ ቀነሰ። ሽያጩ ቆይቶ ቢያገግምም፣ ገንዘብና ባለሙያ ያልጎደለው ድርጅት እንኳ የደንበኛውን ልማድ ሲያቋርጥ ዋጋ እንደሚከፍል ታይቷል።

በሌላ በኩል መዛወር ሲገባ አለመዛወርም ጉዳት አለው። ማጄንቶ የተባለው የኦንላይን ሱቅ ሶፍትዌር የመጀመሪያው ትውልድ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም በኋላ የደኅንነት ማሻሻያ እንደማይደረግለት አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። ብዙ ሱቆች ግን ቀኑ አልፎም በዚያው ቆዩ። በመስከረም 2013 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ወደ 2,000 የሚጠጉ የማጄንቶ ሱቆች በአንድ ጊዜ ተጠልፈው የደንበኞች የክፍያ ካርድ መረጃ እንዲሰረቅ ሆኗል፤ አብዛኞቹም አሮጌውን ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ነበሩ።

የመጀመሪያው ታሪክ ሳይዘጋጁ መሄድ፣ ሁለተኛው ደግሞ ጊዜው ካለፈበት ቤት አልወጣም ማለት የሚያስከትለውን ያሳያል። መካከለኛው መንገድ በዕቅድ መዛወር ነው።

በቅድሚያ ቆጠራ

ቤት የሚቀይር ሰው ዕቃውን ሳይቆጥር አይጭንም። የኦንላይን ሱቅም እንዲሁ ነው። የሚዛወረው ነገር በአራት ክፍል ቢዘረዘር ሥራው ይቀላል።

የመጀመሪያው የዕቃው ዝርዝር ነው። የእያንዳንዱ ዕቃ ስም፣ መግለጫ፣ መለኪያ፣ ዋጋ፣ ፎቶና በመጋዘን ያለው መጠን በአንድ ሰንጠረዥ ይሰፍራል። መለኪያው ግልጽ መሆን አለበት። በቃል ሲነጋገሩ "አንድ ጣሳ" ማለት ያግባባ ይሆናል፤ በሰንጠረዥ ላይ ግን ኪሎ ወይም ሊትር ካልተባለ ገዢና ሻጭ ይጣላሉ። ከዓመት በላይ ያልተሸጠ ዕቃ፣ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ስምና የደበዘዘ ፎቶ ከዚሁ ይወገዳል። የማይፈለገውን ጭኖ መሄድ አዲሱን ቤት ከጅምሩ ያጨናንቀዋል።

ሁለተኛው የደንበኞች መዝገብ ነው፤ ስም፣ ስልክ ቁጥርና ዕቃው የሚደርስበት አድራሻ። ደንበኞች በቀድሞው መድረክ የይለፍ ቃል ከነበራቸው፣ ይህ ቃል አብዛኛውን ጊዜ ሊዛወር አይችልም። ሥርዓቱ የይለፍ ቃሉን የሚያስቀምጠው ባለቤቱ ራሱ እንኳ ሊያነበው በማይችል መልኩ ነውና። ስለዚህ ደንበኛው አዲስ የይለፍ ቃል እንዲያወጣ አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ሳይመዘገቡም መግዛት እንዲቻል ይደረጋል። በማርክስ ኤንድ ስፔንሰር ላይ የደረሰውን ችግር ትንሽ ሱቅ በዚህ መንገድ ሊያቀልለው ይችላል።

ሦስተኛው ያልተጠናቀቁ ትእዛዞች ናቸው። የተከፈለባቸው ግን ያልተላኩ፣ የተላኩ ግን ያልተከፈለባቸው፣ እንዲመለሱ የተጠየቁ ትእዛዞች በስም ተለይተው ይያዛሉ። በዝውውር ወቅት በቀላሉ የሚረሱት እነዚህ ናቸው።

አራተኛው ያለፈው የሽያጭ መዝገብ ነው። ወደ አዲሱ መድረክ መግባት ባይችል እንኳ ወርዶ በኮምፒዩተርና በሌላ ማስቀመጫ በሁለት ቅጂ ይቀመጣል። ለግብር ሒሳብ ይፈለጋል፤ ብድር ለመጠየቅም የንግዱ ማስረጃ ይሆናል። አሮጌው ገጽ ከተዘጋ በኋላ መዝገቡን መልሶ ማግኘት ላይቻል ይችላል።

ፊደል፣ ስልክ ቁጥርና ዘመን አቆጣጠር

ብዙዎቹ የሱቅ መድረኮች የተሠሩት ለሌላ ቋንቋና ለሌላ አገር አሠራር በመሆኑ፣ በኢትዮጵያ ሱቅ ዝውውር ላይ ብቻ የሚገጥሙ እንቅፋቶች አሉ።

የመጀመሪያው የፊደል ነው። የዕቃ ዝርዝር ከአንዱ ሥርዓት ወጥቶ በኤክሴል ሲከፈት፣ የአማርኛው ጽሑፍ ወደማይነበብ ምልክት ሊለወጥ ይችላል። ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ መቀመጡንና በዚያው መከፈቱን ማረጋገጥ ችግሩን ይፈታዋል። ከሁሉም በፊት የዋናው ፋይል ቅጂ ሳይነካ መቀመጥ አለበት።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የፍለጋ ጉዳይ ነው። "ሐበሻ ልብስ" ብሎ የተመዘገበውን ዕቃ ገዢው "ሀበሻ ልብስ" ብሎ ሊፈልገው ይችላል። ለሰው ጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ ለኮምፒዩተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አዲሱ መድረክ ይህን የማያውቅ ከሆነ ገዢው "አልተገኘም" የሚል መልስ አግኝቶ ይሄዳል። መፍትሔው በዕቃው መግለጫ ወይም በመፈለጊያ ቃላት ሳጥን ውስጥ ሌሎቹን አጻጻፎችም መጨመር ነው። በላቲን ፊደል የሚጽፉ ደንበኞች ካሉም የነሱ አጻጻፍ ይካተታል።

ሁለተኛው የስልክ ቁጥር ነው። ኤክሴል ከ09 ወይም ከ07 የሚጀምርን ቁጥር እንደ ተራ አኃዝ ስለሚያየው የፊቱን ዜሮ ይጥለዋል። የ900 ደንበኞች ቁጥር በዚህ ሁኔታ ቢዛወር ለአንዳቸውም መልእክት ላይደርስ ይችላል። የስልኩ ዓምድ ቁጥሮቹ ከመግባታቸው በፊት "ጽሑፍ" ተብሎ መሰየም፣ ወይም ቁጥሮቹ በአገሪቱ መለያ 251 መጀመር አለባቸው።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም የሚለውን ትእዛዝ ነጋዴዋ 5/2/2018 ብላ መዝግባው ከሆነ፣ መድረኩ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ የተፈጸመ ሽያጭ አድርጎ ያነበዋል። ወሩንም ጥቅምት ሳይሆን ሌላ ያደርገዋል። ስለዚህ መዝገቡ ከመዛወሩ በፊት ቀኖቹ ሁሉ ወደ አንድ አቆጣጠር ይለወጣሉ። የማድረሻ ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ "3 ሰዓት" ሲባል የኢትዮጵያ ሰዓት ይሁን የመድረኩ በግልጽ ካልተጻፈ፣ ዕቃ አድራሹና ተቀባዩ ይተላለፋሉ።

አድራሻው ከሱቁ ይበልጣል

ኅብረ ንብን ከባህላዊ ቀፎ ወደ ዘመናዊ ቀፎ ያዛወረ አርሶ አደር፣ ቀሳሚ ንብ የምትመለሰው ወደምታውቀው ቦታ መሆኑን ያውቃል። ቀፎው ጥቂት ራቅ ብሎ ቢቀመጥ፣ ሊቀስሙ የወጡት ንቦች ተመልሰው አሮጌው ቦታ ላይ ይንዣበባሉ። ስለዚህ አዲሱ ቀፎ በአሮጌው ቦታ ላይ እንዲቀመጥ ይደረጋል።

የኦንላይን ሱቅ ደንበኛም ከዚህ የተለየ አይደለም። የሚመለሰው በሚያውቀው አድራሻ ነው። ዶሜይን የሚባለው የድረ ገጽ ስም ለሱቁ ይህን ቦታ ይሰጠዋል። ስሙ በነጋዴዋ የተመዘገበ ከሆነ፣ ከኋላው ያለው መድረክ ቢለወጥም ደንበኛው በዚያው ስም ይገባል። በኢትዮጵያ መለያ የሚመዘገቡ ስሞችን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ሌሎች ዓለም አቀፍ መለያዎችም አሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ስሙ በማን ስም እንደተመዘገበ ማረጋገጥ ነው። ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ በራሱ ስም አስመዝግቦት ከሆነ፣ ዝውውሩ ከመጀመሩ በፊት ወደ ሱቁ ባለቤት መመለስ አለበት።

ሱቁ ድረ ገጽ ኖሮት የእያንዳንዱ ዕቃ ሊንክ በዝውውሩ ምክንያት የሚለወጥ ከሆነ፣ የአሮጌው ሊንክ ወደ አዲሱ እንዲመራ ይደረጋል። ባለሙያዎች በቁጥር 301 የሚጠሩት ይህ ቋሚ የማስተላለፊያ ትእዛዝ፣ ከዓመት በፊት የተቀመጠን ሊንክ የሚጫን ደንበኛ ባዶ ገጽ እንዳይገጥመው ያደርጋል። ጉግልም አዲሱን አድራሻ የሚያውቀው በዚሁ ነው፤ ድርጅቱ ማስተላለፊያው ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲቆይ ይመክራል። ለዚህም የአሮጌና የአዲስ ሊንኮች ዝርዝር ጎን ለጎን በሰንጠረዥ ይዘጋጃል። ቢያንስ በብዛት የሚጎበኙት ገጾች ሊቀሩ አይገባም።

ሱቁ በቴሌግራም ቻናል ብቻ የነበረ ከሆነ ሊንክ ማስተላለፍ አይቻልም። በዚህ ጊዜ ቻናሉ አይዘጋም፤ መንገድ ጠቋሚ ሆኖ ይቆያል። የአዲሱ ሱቅ አድራሻ በቻናሉ አናት ላይ ይለጠፋል፤ አዲስ ዕቃ ሲገባ ፎቶው በቻናሉ ይወጣል፤ ትእዛዙ ግን በአዲሱ ሱቅ ይፈጸማል። ቻናሉ በቀድሞ ሠራተኛ ስም የተከፈተ ከሆነ ባለቤትነቱ ወደ ነጋዴዋ ይተላለፋል። ቴሌግራም ይህን የሚፈቅደው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ቢያንስ ከሰባት ቀን በፊት ተከፍቶ ከሆነ ነውና፣ በዝውውሩ ዋዜማ የሚታሰብ ነገር አይደለም።

ክፍያውና ሕጉ

አዲሱን መድረክ ከመምረጥ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ዋና ጥያቄ፣ የአገር ውስጥ ክፍያ ይቀበላል ወይ የሚለው ነው። ውብ ሱቅ ተሠርቶ ገዢው በቴሌብር፣ በሲቢኢ ብር ወይም በኤም-ፔሳ መክፈል ካልቻለ ሥራው ከንቱ ነው። ሾፒፋይን የመሰሉ ታዋቂ የውጭ መድረኮች ሱቅ መክፈት ቢያስችሉም፣ የሾፒፋይ የራሱ የክፍያ አገልግሎት በኢትዮጵያ አይሠራም። በአንጻሩ ዉኮመርስ የተባለው ሶፍትዌር በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ የሚያርፍበትን ሰርቨር መከራየትና የሚንከባከበውን ባለሙያ ማግኘት ግን የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። የአገር ውስጥ ክፍያ የሚያገናኝ ድርጅት ሲመረጥም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያለው መሆኑ ይረጋገጣል። ገንዘቡ በስንት ቀን ወደ ባንክ ሒሳብ እንደሚገባና ከእያንዳንዱ ሽያጭ ምን ያህል እንደሚቆረጥ በጽሑፍ ይጠየቃል።

በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚፈጸም ግብይት በኢትዮጵያ ሕግ ዕውቅና ያገኘው በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ነው። የደንበኞችን ስም፣ ስልክና አድራሻ ይዞ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ማሻገር ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ይመለከታል። ለነጋዴዋ ይህ ማለት የደንበኞችን ዝርዝር ለማያስፈልገው ሰው አለመስጠት፣ በዝውውሩ ለረዳት ባለሙያ የተሰጠን መግቢያ ሥራው ሲያልቅ መዝጋት፣ በየስልኩ የተበተኑ ቅጂዎችንም ማጥፋት ማለት ነው።

ወጪውን አስልቶ መነሣት

የዝውውር ወጪ የመድረኩ ወርኃዊ ኪራይ ብቻ አይደለም። የዶሜይን ክፍያ፣ የባለሙያ ዋጋ፣ ከእያንዳንዱ ሽያጭ የሚቆረጠው፣ ፎቶ እንደገና የማንሣትና መግለጫ የመጻፍ ጊዜ፣ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን በሚሠሩበት ወቅት የሚከፈለው ድርብ ኪራይ ሁሉ ይደመራሉ። ኪራዩ በዶላር የሚከፈል ከሆነ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ በዶላር ያልተለወጠ ክፍያ በብር ሊጨምር ይችላል። የአንድ ዓመት ወጪ ከአንድ ዓመት ትርፍ ጋር ተነጻጽሮ ካላዋጣ፣ ዝውውሩን ማዘግየት ወይም ለአንድ አካባቢ የሚሠራ ቀለል ያለ መድረክ መምረጥ ብልኅነት ነው።

ወቅት መምረጥ

አርሶ አደር ሰብል ሊሰበሰብ በደረሰበት ሳምንት በሬ አይሸጥም። ሱቅም ገበያው በደራበት ወቅት አይዛወርም። የማር ዋናው ቆረጣ በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ በጥር የሠርግ ወቅት ይከተላል። ቅቤ ደግሞ በዐቢይ ጾም ፈላጊው ይቀንስና በፋሲካ ዋዜማ ይንራል። ስለዚህ ለቅቤ ሻጭ የጾሙ የመጀመሪያ ሳምንታት ተስማሚ ሲሆኑ፣ የሕማማት ሳምንት ግን ፈጽሞ አይመረጥም። በምሳሌነት የተወሰደችው ነጋዴ ሁለቱንም ስለምትሸጥ፣ የምታዛውረው የሠርጉ ወቅት አልፎ ጾሙ እንደገባ ቢሆን ከፋሲካ በፊት ስሕተቱን የምታርምበት ጊዜ ታገኛለች።

ከሳምንቱ ቀናትም የትእዛዝ መጠን የሚቀንስበት ይመረጣል። ባለሙያው በማይገኝበት ዕረፍት ወይም በዓል ዋዜማ ላይ መጀመር ግን አይገባም።

ሙከራው

አዲሱ ሱቅ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ባለቤቷ ራሷ እንደ ገዢ ትገባበታለች። ዕቃ ትፈልጋለች፤ ታዝዛለች፤ በእያንዳንዱ የክፍያ መንገድ ጥቂት ብር ከፍላ ሒሳቡ መድረሱን ታረጋግጣለች፤ ትእዛዝ ትሰርዛለች፤ ገንዘብ ታስመልሳለች። ሙከራው ዋጋው ዝቅ ባለ ስልክና በሞባይል ዳታ መደረግ አለበት። በቢሮ ዋይፋይ ፈጥኖ የሚከፈት ገጽ፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ላይከፈት ይችላል። የሚከብዱ ፎቶዎች መጠናቸው ይቀነሳል።

ከዚያም 10 ያህል ታማኝ ደንበኞች ተመርጠው እንዲገዙ ይጋበዛሉ። ከእነርሱም መካከል በዕድሜ የገፉና በስልክ መግዛት ያልለመዱ ቢኖሩ የተሻለ ነው። እነርሱ ግራ የተጋቡበት ቦታ ሌላውም ግራ የሚጋባበት ነው።

የዝውውሩ ቀን

ዕለቱ ሲደርስ ማን ምን በስንት ሰዓት እንደሚሠራ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። በመጀመሪያ አሮጌው ሱቅ ለጥቂት ሰዓታት አዲስ ትእዛዝ መቀበል እንደሚያቆም ይነገራል፤ በስልክ ማዘዝ ግን ይቀጥላል። ቀጥሎ የመጨረሻው የዕቃ ቆጠራ ይደረጋል፤ ምክንያቱም ከሳምንት በፊት የተወሰደው ቁጥር ዛሬ አይሠራም። ከዚያ ያልተጠናቀቁት ትእዛዞች ይሻገራሉ። በመጨረሻ አድራሻው ወደ አዲሱ ሱቅ እንዲያመለክት ይደረጋል። የአድራሻ ለውጥ በሁሉም ቦታ እስኪታይ ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችል፣ በዚያ መካከል በአሮጌው በኩል የሚመጣ ትእዛዝ እንዳይጠፋ አንድ ሰው ይጠብቃል።

በዚሁ ወረቀት ላይ የመመለሻው ውሳኔም ይጻፋል። ክፍያ አልገባ ካለ ወይም ትእዛዝ አልተመዘገበ ካለ፣ እስከ ስንት ሰዓት ተሞክሮ ወደ አሮጌው እንደሚመለሱ አስቀድሞ ይወሰናል። አሮጌው ሱቅ ቢያንስ ለአንድ ወር ሳይፈርስ የሚቆየውም ለዚህ ነው።

የማታለል ሙከራም በዚህ ወቅት ሊኖር ይችላል። "ሱቃችን ተዛውሯል፣ በዚህ ሒሳብ ክፈሉ" የሚል የአጭበርባሪ መልእክት ደንበኞችን ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ ማስታወቂያው ደንበኛው በሚያውቀው ቻናልና ስልክ ቁጥር ይወጣል። ሱቁ በማንኛውም ጊዜ የሚስጥር ቁጥር እንደማይጠይቅም በግልጽ ይነገራል።

ከዝውውሩ በኋላ

የመጀመሪያው ወር የክትትል ወር ነው። በየዕለቱ የመጡት ትእዛዞች፣ የተከፈለባቸውና የደረሱት ከቀድሞው ወር ጋር ይነጻጸራሉ። ደንበኞች ዕቃ መርጠው ሳይከፍሉ የሚወጡ ከሆነ ችግሩ ያለው በክፍያው ገጽ ሊሆን ይችላል። የቆዩ ደንበኞች ጨርሰው ካልታዩ መልእክቱ አልደረሳቸው ይሆናል፤ በስልክ ደውሎ መጠየቅ ከማንኛውም ሪፖርት ይበልጥ ይናገራል። የተገኘው ስሕተት፣ የታረመበት ቀንና መንገዱ በማስታወሻ ይያዛል።

ለአርሶ አደሩ የሚነካው

ይህ ሁሉ የከተማ ነጋዴ ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከሱቁ ጀርባ ቀፎ ያለው አርሶ አደርና ላም የምታልብ እናት አሉ። ትእዛዝ ለሁለት ሳምንት ቢቋረጥ ማሩ ይቆያል፤ ቅቤው ግን አይቆይም። ነጋዴዋ ገንዘብ ካልገባላት ለአቅራቢዎቿ የምትከፍለው ይዘገያል፤ ገንዘብ የቸገረው አርሶ አደርም ምርቱን ለመጣለት ሰው በወረደ ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳል።

ስለዚህ ምርታቸውን በኦንላይን ሱቅ በኩል የሚሸጡ አርሶ አደሮችና ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ሱቁ ሊዛወር ነው ሲባል ጥቂት ጥያቄዎችን የመጠየቅ መብት አላቸው። ዝውውሩ በየትኛው ወር ነው? በዚያን ጊዜ ምን ያህል ምርት ይወሰዳል? ክፍያስ በስንት ቀን ይገባል? የማኅበሩ የራሱ ሱቅ ከሆነም፣ የድረ ገጹ ስምና የቻናሉ ባለቤትነት በአንድ ግለሰብ ሳይሆን በማኅበሩ ስም መያዙን፣ የይለፍ ቃሉም ከአንድ በላይ በሆኑ ኃላፊዎች ዘንድ መታወቁን በጉባኤ ማረጋገጥ ይገባቸዋል። የማኅበሩ ጸሐፊ ሲለወጥ ሱቁ አብሮት እንዳይሄድ የሚያደርገው ይህ ነው።

በምሳሌነት የቀረበችው ነጋዴ ሥራዋን ዛሬ ብትጀምር፣ መጀመሪያ የሚያስፈልጋት አንድ ደብተር ነው። በመጀመሪያው ገጽ የምትዛወርበትን ምክንያት፣ በሁለተኛው ያላትን ዕቃ፣ በሦስተኛው የደንበኞቿን ስልክ ከነዜሮው ትጽፋለች። መድረኩን የምትመርጠው ከዚያ በኋላ ነው።